አመድ የለበሰው ዳገት

የካቲት 13 ቀን 2000 ዓ.ም. ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ዳገቱ እንዲህ ነበር። ርዝመቱ ዘጠና ሜትር፣ ስፋቱ ስድስት ሜትር ነው። ከሥሩ ጠጠራማው አፈር፣ ገረጋንቲ አለ፤ ከገረጋንቲው በላይ በሮለር የተጠቀጠቀ የተፈጨ ድንጋይ፤ ከዚያ በላይ ከወር በፊት የተነጠፈ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመጀመሪያው የአስፋልት ንብርብር። በዚህ ላይ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ውሃ የተቀላቀለበት ማጣበቂያ ሬንጅ ተረጭቷል። ሲረጭ ቡናማ ነበር፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ጠቆረ። ጣት ሲያሳርፉበት ያዝ አድርጎ ይለቃል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በማግስቱ ዐርብ ጠዋት ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ንብርብር ማንጠፍ።

ሲፋን በዳዳ ይህን ሁሉ መዝገቧ ላይ አስፍራ ፈረመች። ሥራዋ ይኸው ነው። የመንገዱን ግንባታ ለሚቆጣጠረው አማካሪ ድርጅት የቁሳቁስ ተቆጣጣሪ ናት፤ ውፍረት ትለካለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ ከሆነ ትፈርማለች፣ ካልሆነ አትፈርምም። እሷ ያልፈረመችበት ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በሙያው አራት ዓመት ቆይታለች፤ ተወልዳ ባደገችበት ሰፈር ስትሠራ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

መንገዱ ከቀበና ወንዝ ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ ይወጣና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ታችኛው በር ላይ ያበቃል። ዳገቱ የመጨረሻው ቁራጭ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር መኪና እዚያ ሲደርስ እግሩን ተክሎ ይቆም ነበር፤ የታመመም የሞተም የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው። ሰፈሩ መንገድ ይሠራልን እያለ ዐሥራ አንድ ዓመት ደጅ ጠንቷል። በመጨረሻ እሺ ሲባል ደግሞ ሠላሳ አራት አባወራ አጥሩን ሜትር ከግማሽ ወደ ውስጥ መሳብ ነበረበት። ማንም ቀድሞ መንካት አልፈለገም። ያን ጊዜ የመንገድ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ በዳዳ፣ የሲፋን አባት፣ ዶማቸውን አንሥተው የራሳቸውን አጥር ነቀሉ። ከነቀሉ በኋላ ሰውን ሰብስበው፣ «ለዘንድሮው ንግሥ አስፋልቱ ኪዳነ ምሕረት በር ይደርሳል። ካልደረሰ በዳዳ ብላችሁ አትጥሩኝ» አሉ። በሳምንቱ የሠላሳ ሦስቱም አጥር ተነሣ።

ንግሡ የካቲት 16 ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ቀን አልነበረም። የአስፋልት ድብልቁ የሚዘጋጅበት ማሽን ሰኞ ተነቅሎ ከከተማ ውጭ ወዳለ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ለዳገቱ የተያዘው የመጨረሻው ድብልቅ ዐርብ ጠዋት፣ በአራት ገልባጭ መኪና፣ እያንዳንዱ ዐሥራ ስድስት ቶን ጭኖ ይመጣል። ስድሳ አራት ቶን ለዘጠና ሜትር ልክ ነው።

ዐርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሲፋን ዳገቱ ሥር ስትደርስ መንገዱ ነጥቶ አገኘችው።

መጀመሪያ ውርጭ መሰላት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ውርጭ አልነበረም። አመድ ነው፤ በወንፊት የተነፋ የምድጃ አመድ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ አንድም ቦታ ሳይስት ተነስንሷል።

የተቋራጩ ፎርማን ከበበ የጠርዝ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ በብርጭቆ ሻይ ይጠጣል።

«አየሽልኝ ኢንስፔክተር?» አላት። «የናንተ ሰፈር ሰው መንገዱን ፓውደር ቀብቶ አሳደረልን።»

«ማነው ያደረገው?»

«ዘበኛው ሴቶች ናቸው ይላል። ምን እየሠራችሁ ነው ቢላቸው፣ አንተ ለሰው እግር አታዝንም ወይ ብለው አባረሩት። ጠመንጃ ይዞ በወንፊት ተባረረ።»

ሲፋን አልሳቀችም። ከጎኗ ካለው ግቢ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ብቅ አሉ። ጎረቤት ናቸው፤ ሲፋንን በልጅነቷ በጀርባቸው አዝለዋታል። ባዶ ቁና ይዘዋል፤ እጃቸው እስከ ክንዳቸው አመድ ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት አመዱን ያደረጉት?»

«እኛ ነና! ማን ሊያደርገው ኖሯል?» አሉ፤ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር። «ትናንት አመሻሽ ላይ ለንግሡ ቀድመው የመጡ ሰዎች ነጠላቸው ሬንጅ በሬንጅ ሆኖ ገቡ። አንዷ ምስኪን ደግሞ ባዶ እግሬን እመጣለሁ ብላ ተስላ፣ እግሯ ተጣብቆ በላምባ ነው ያላቀቅነው። ነገ ዋዜማ ነው። ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ነው የሚመጣው። ቤት ለቤት ዞረን የስድስት ቤት አመድ አወጣን። በይ እስቲ ርገጪው፣ ይይዝሽ እንደሆነ!»

ሲፋን ረገጠችው። አልያዛትም።

«እትዬ፣ ችግሩ እኮ እሱ ነው» አለች። «መያዝ ነበረበት።»

አስፋልት ላይ ቆመው ሲያዩት አንድ ወጥ ጥቁር ነገር ይመስላል እንጂ፣ ከመቶ ክፍሉ ዘጠና አምስቱ ድንጋይ ነው፤ ጠጠር፣ አሸዋና የድንጋይ ዱቄት። ሬንጁ አምስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ያች አምስት እጅ ሲሞቅ ድንጋዩን ሁሉ ትለብሳለች፣ ሲቀዘቅዝ ጨምድዳ ትይዛለች። ሁለት ንብርብር ሲሆን ደግሞ የላይኛውን ከታችኛው የሚያጋባው በመሐል የሚረጨው ማጣበቂያ ነው። ሜዳ ላይ ቢላላ ለጊዜው ላይታወቅ ይችላል። ዳገት ላይ ግን መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ጎማው የላይኛውን ንብርብር ቁልቁል ይገፋዋል። የሚይዘው ከሌለ ይንሸራተታል፣ እንደ ምንጣፍ ይጨማደዳል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል። ሲፋን እንዲህ ያለ መንገድ ሌላ ቦታ አይታለች፤ አንድ ክረምት አልፈጀም።

ይህን ለእትዬ ወለተጊዮርጊስ እንደምንም አሳጥራ ነገረቻቸው። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶችም ተሰብስበዋል።

«አመድ አይደለም እንዴ?» አለች አንዷ። «የናፍጣ ዘይት መሰለሽ? ብናኝ እኮ ነው።»

«እሷስ እውነቷን ነው» አለ ከበበ ከተቀመጠበት ሳይነሣ። «ድብልቁ ውስጥም ዱቄት አለበት አይደል? ይኼም ዱቄት ነው። ትንሽ ጠረግ ጠረግ አድርገን እንቀጥል።»

«ድብልቁ ውስጥ ያለው ዱቄት እያንዳንዱ ቅንጣት ሬንጅ ለብሷል፣ ከበበ። ይኼ ደረቅ ነው፤ በመሐል ገብቶ ይለያያቸዋል። አንተ ደግሞ ጠፍቶህ አይደለም።»

«አልጠፋኝም። ሰዓቱም አልጠፋኝም። መኪኖቹ ጭነው ወጥተዋል።»

ሲፋን ለአለቃዋ ስልክ ደወለች። ኢንጂነሩ ሌላ ሳይት ላይ ነበር፤ ከኋላው የቡልዶዘር ድምፅ ይሰማል። ሰምቷት ሲያበቃ፣ «እኔ ከዚህ ሆኜ አመድ አላይም» አላት። «ያለሽው አንቺ ነሽ፣ አይተሽ ወስኚ። ግን ዛሬ ካልሆነ ለጥቅምት ነው፤ እሱን እወቂው።» ስልኩ ተዘጋ።

ሁለት ሰዓት ከዐሥር ላይ አራቱም ገልባጮች ሸራቸውን እንደለበሱ ተከታትለው መጡና ዳገቱ ሥር ተሰለፉ። ሲፋን የመጀመሪያው ላይ ወጥታ ሸራውን ገለጥ አደረገችና ሹሉን ቴርሞ ሜትር እስከ እጀታው ሰካችው። 151 ዲግሪ። ሌሎቹም አንድ ሁለት ዲግሪ ቢለያዩ ነው። በሸራ ተሸፍኖ ሲቆም በሰዓት ዐሥር ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ከ125 በታች የወረደ ድብልቅ አይራገፍም፤ እንዲያ ከቀዘቀዘ ሮለር ቢሄድበትም በደንብ አይጠቀጠቅም። በእጇ ያለው ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ያውም ማንጠፊያው ተቆጥሮ። መዝገቧ ላይ ጽፋ ወረደች።

ያን ጊዜ አባቷ መጡ። አቶ በዳዳ ኮታቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን አጥብቀው፣ ለበዓል እንደሚሄድ ሰው ለብሰው ነበር። መኪኖቹን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። ልጃቸውን ሲያዩ ግን ፈገግታቸው መንገድ ላይ ቀረ።

«ምነው ኢንተላ ኮ?» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ በቤት እንዲህ ነው የሚጠሯት። «ለምንድነው የማይጀምሩት?»

«አመድ ላይ አይነጠፍም፣ አባዬ። ካልጸዳ አልፈርምም።»

ከሴቶቹ መሐል ጉርምርምታ ተነሣ። «የበዳዳ ልጅ ናት የምታስቆመው?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ምን ልታደርገን ነበር!»

ሲፋን አካፋ ተቀብላ ከመጀመሪያው መኪና ትኩስ ድብልቅ ዛቀች። ግማሹን አመዱ ላይ አፈሰሰች። አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብላ ቁራጭ ቦታ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጋ ጥቁሩ ሬንጅ እስኪወጣ አጸዳችና ግማሹን እዚያ አፈሰሰች። ሁለቱንም በእጅ መጠቅጠቂያ እኩል ሃያ ሃያ ጊዜ መታቻቸው። ከዚያ ቆማ ሰዓቷን አየች። ሰውም ከሷ ጋር ቆመ። ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ማንም አልሄደም።

«አሁን ይሞክሩት፣ እትዬ» አለች። «በአካፋው ጫፍ ያንሡት።»

እትዬ ወለተጊዮርጊስ አመዱ ላይ ያለውን ጫፉን ፈልቀቅ ቢያደርጉት፣ ኮባ ላይ እንደተጋገረ ዳቦ ልቅቅ ብሎ ተነሣ። ሆዱ በሙሉ ነጭ ነበር። ወደ ሁለተኛው ሄዱ። አካፋው ጫፉን ሰበረው እንጂ ከሥር አልፈነቀለውም። አንድ ጊዜ ደገሙት። አካፋውን መለሱላት።

«ኧረ በኪዳነ ምሕረት!» አሉ። ቀጥለውም፣ ዘወር ብለው ለሁሉም እንዲሰማ፣ «እኔ አሮጊቷ ነኝ ያበላሸሁት። እናንተ አትወቀሱበትም፤ በኔ ይሁን።»

ከበበ የሥራ ማስታወሻውን አወጣ። «ስም ይጻፍ እንግዲህ። መኪና ቆሞ ለሚባክነው ድብልቅ ነገ እኛ ነን የምንጠየቀው። ወለተጊዮርጊስ ማን ልበል?»

«አንተ፣ እስክሪብቶህን አስቀምጥ» አሉ አቶ በዳዳ።

ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ሲፋን አባቷ ባርኔጣቸውን ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ ቤት ውጭ ሲያወልቁ አይታ አታውቅም።

«እኔ ነኝ አመድ አልብሱት ያልኳቸው» አሉ። «ትናንት ማታ መጥተው ምን እናድርግ አሉኝ። እህል ጎተራ ስከት አመድ አደርግበት ነበር፣ ነቀዝ እንዳይነካው። ጭቃ ሲያዳልጥ አመድ ነው የምንበትነው። አመድ ነገር ያበላሻል ብዬ አላሰብኩም። ልጄን በስልክ መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅኋትም። የኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ይቺን ነገር እንኳ ልጠይቅ ወይ ብዬ። በዳዳ ዋቅጅራ ብለህ ጻፍ።»

ከበበ አልጻፈም። ማስታወሻውን ኪሱ ከተተው።

«ጋሼ፣ ልጻፍስ ብል መጥረጊያ ይሆነናል?» አለ።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ሰባ የሚሆን ሰው ዳገቱ ላይ ወጣ። ሠራተኞቹ የነበራቸው የሽቦ ብሩሽ ስድስት ብቻ ነው። ቀሪውን ሰፈሩ አወጣ፤ የቅጠል መጥረጊያ፣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ የጓሮ መኮትኮቻ፣ አንዱ ሽማግሌ የጫማ ብሩሽ ሳይቀር ይዞ መጣ። ከታች ወደ ላይ በመደዳ ሆነው ፈገፈጉ። ከኋላቸው የተቋራጩ ኮምፕሬሰር የተፈገፈገውን በአየር እየነፋ ወደ ቦዩ ያወጣል፤ አቧራው የባሕር ዛፉን ቅጠል አነጣው።

ሁለት ሴቶች ጄሪካን ውሃ ተሸክመው ሲመጡ ሲፋን ሮጣ ደረሰችባቸው።

«ውሃ አይሆንም! ውሃ እንዳታፈሱ!»

«አመድ በምን ሊጠብ ነው ታዲያ፣ በምራቅ?»

«ውሃው ሳይደርቅ ትኩሱ ሲመጣበት እንፋሎት ሆኖ ከሥር ያነሣዋል። ደርቆ እስኪያልቅ ደግሞ ድብልቁ ይቀዘቅዛል። በደረቁ ነው።»

ሮለሩ ላይ የተቀመጠው ኢዶሳ ሲሊንደሩ እንዳይጣበቅ የሚያርሰውን ውሃ በበርሜል እየሞላ ነበር። አንዷ ሴት አየችውና፣ «ለሱ ይፈቀድለታል፣ ለኛ ይከለከላል! መኪና ስለያዘ ነው?» አለች።

«የኔ ከላይ ነው የሚተነው፣ እናቴ» አላት ኢዶሳ። «ያንቺ ከሥር ታፍኖ ነው። ደግሞ ነይ ንጂው፣ እኔ ልፈግፍግ።»

ሲፋን ከኋላ ከኋላ ትሄድና በየሁለት ሜትሩ ተንበርክካ መዳፏን ትጭናለች። መዳፏ ነጭ ይዞ ከተነሣ አልጸዳም፤ «እዚህ ይደገም» ትላለች። ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ከተነሣ ጸድቷል፤ በኖራ ምልክት አድርጋ ታልፋለች። አባቷ ኮታቸውን አጥር ላይ ሰቅለው በመኮትኮቻ ይፈገፍጋሉ። ሦስት ጊዜ «ይደገም» አለቻቸው። ሦስቱንም ጊዜ ደገሙ።

ከአመዱ ጋር የተፈገፈገው ማጣበቂያ እንደገና መረጨት ነበረበት፤ የሚረጨው መኪና ግን ትናንት ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። የቀረው አንድ በርሜል ሬንጅ ነው፤ ለዳገቱ ግን ይበቃል። ከበበ በአቅራቢያው ካለ ችግኝ ጣቢያ አራት የችግኝ ማጠጫ አስመጣ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጀመሪያው ሠላሳ ሜትር ቡናማ ሆነ። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ጠቆረ። የመጀመሪያው ገልባጭ ኋላውን ሰጥቶ ወደ አንጣፊው ማሽን ተጠጋ። 134 ዲግሪ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ሥራው አልተቋረጠም። ማሽኑ ጥቁሩን እየዋጠ ከኋላው ስድስት ሜትር ስፋት አድርጎ ይተፋል፤ ሠራተኞቹ ጠርዝ ጠርዙን በአካፋ ያስተካክላሉ፤ ኢዶሳ ሮለሩን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ በዚያው መስመር ይመለሳል። ሲፋን በብረት መለኪያዋ ውፍረቱን ትወጋለች። ሳይጠቀጠቅ ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው፣ ተጠቅጥቆ አምስት ይሆናል። ሁለተኛው መኪና ባዶውን ወረደ። ሦስተኛው ወረደ። ከላይ ያሉት ጠራጊዎች ገና አራት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሰው ነበር፤ ማጠጫዎቹም በዐሥር ደቂቃ ተከትለው ደረሱ። ዘጠናው ሜትር ሙሉ ጸዳ፣ ሙሉ ተረጨ። እልልታ ተነሣ። አቶ በዳዳ ኮታቸውን ከአጥሩ ላይ አንሥተው ለበሱ።

አራት ሰዓት ከአርባ ላይ አራተኛው ገልባጭ ሲሶ ያህሉን እንዳራገፈ፣ ሲፋን እጇን አንሥታ ማሽኑን አስቆመች።

ሰባ ስድስተኛው ሜትር ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዐሥራ አራት ሜትር በሁለቱ ወገን በትልልቅ ባሕር ዛፍ የተጋረደ ነው። ታችኛውን ፀሐይ ስታገኘው ይህኛውን ገና አልነካችውም። ማጣበቂያው ከተረጨ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ ግን ቡናማ ነው።

«ምንድነው አሁን ደግሞ?» አለ ከበበ።

«አልጠቆረም። ውሃው አልወጣም።»

«ሩብ ሰዓት ስጪው።»

ሲፋን መኪናው ላይ ወጥታ ቴርሞ ሜትሩን ሰካች። እስኪቆም ጠበቀች። «126 ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስንት እንደሚሆን አንተው አስላው።»

ከበበ አሰላ። ተናደደ እንጂ አልተከራከረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲፋን፣ ዐሥራ አራት ሜትር ናት» አላት። «እንዝጋትና እንሂድ። ክረምት ላይ ብትንቀሳቀስ እጠግናታለሁ፣ ቃሌን እሰጥሻለሁ።»

«መዝጋት ትችላለህ። ከሰባ ስድስት በላይ ግን አልፈርምም።»

አቶ በዳዳ በሕዝቡ መሐል አልፈው መጡ። ከልጃቸው ፊት ቆሙና እንደ ሰብሳቢም እንደ አባትም ባልሆነ፣ ባልለመደችው ድምፅ፣ «ሲፋን» አሏት። «በሩ ያውና። በእጅ ይነካል። ሠላሳ ሦስት ሰው በኔ ቃል አጥሩን አፍርሷል። አንድ ጊዜ ለኔ ስትይ።»

ሲፋን መዝገቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እሺ» ብትላቸው ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ሕዝቡ እልል ይላል፣ አባቷም በንግሡ ቀን በመንገዱ መሐል ቀና ብለው ይሄዳሉ። ደግሞም ሐምሌ ላይ ምን እንደሚሆን ከሷና ከከበበ በቀር እዚያ የሚያውቅ የለም።

«አባዬ» አለች። «እኔን አይስሙኝ። ይንኩት።»

አቶ በዳዳ ጎንበስ አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በአንድ እጃቸው የጠርዝ ድንጋዩን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ሌባ ጣት ቡናማውን ነኩት። ጣታቸው ላይ እንደ ቀጭን ወጥ ፈሰሰ። በአውራ ጣታቸው አሹት፤ እርጥብ ነው። ከዚያ ወደ ታች ሁለት እርምጃ ሄደው፣ ከማሽኑ ጎን ያልተሸፈነውን ጥቁሩን ነኩ። ያዛቸው። ሲለቃቸው ድምፅ ነበረው። አርባ ዓመት መሬት ያረሱ ሰው ናቸው፤ የቱ ላይ ዘር እንደሚጣል፣ የቱ ላይ እንደማይጣል እርጥበቱን በጣታቸው ነበር የሚለዩት።

ቀና ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አስፋልቱ በር አልደረሰም» አሉ። «ዐሥራ አራት ሜትር ቀርቶታል። ጠዋት አመድ ባይኖር ኖሮ ይደርስ ነበር፤ አመዱን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ተቋራጩ አይደለም፣ እቺ ልጅ አይደለችም፣ ወለተጊዮርጊስም አይደለችም። ዐሥራ አራቱ ሜትር የኔ ነው።»

እትዬ ወለተጊዮርጊስ ወገባቸውን ይዘው፣ «እንግዲህ በዳዳ አትበሉኝ ያልክ ራስህ ነህ» አሉ። «ከነገ ጀምሮ ምን ብለን እንጥራህ?»

«እሱን ተሰብስባችሁ ምረጡ» አሉ አቶ በዳዳ። «በስብሰባው ላይ እኔ ሰብሳቢ አልሆንም።»

መጀመሪያ የሳቀው ኢዶሳ ነው፣ ሮለሩ ላይ ሆኖ። ከዚያ ሌላውም ሳቀ፤ ሁሉም ግን አልሳቀም። ሁለት ሦስት ሰው መጥረጊያውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ገባ። አቶ በዳዳ ሲሄዱ አዩዋቸው፤ አልጠሯቸውም።

ከበበ ጫፉን በአካፋ አስተካክሎ፣ ሰው እንዳይደናቀፍ እንደ ትንሽ ተዳፋት አድርጎ ጨረሰው። በመኪናው የቀረውን ዐሥር ቶን ዳገቱ ሥር ታክሲ የሚዞርበት ሜዳ ላይ አስደፋና በትኖ ጠቀጠቀው። ያ ሥራ በውሉ ውስጥ አልነበረም፤ ሲፋንም መዝገቧ ላይ አላሰፈረችውም። በመዝገቡ የሰፈረው ይህ ነው፦ ከዜሮ እስከ ሰባ ስድስት ሜትር፣ ጸድቋል። ከሰባ ስድስት እስከ ዘጠና፣ አልተነጠፈም፤ ምክንያቱ ማጣበቂያው አለመድረቁና ድብልቁ መቀዝቀዙ። የማጣበቂያው መዘግየት ምክንያት፣ በነዋሪዎች የተነሰነሰ አመድ። አባቷ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና፣ «'ነዋሪዎች' የሚለው ልክ አይደለም» አሏት። ሰርዛ «በመንገድ ኮሚቴው ሰብሳቢ ትእዛዝ» ብላ ጻፈችበት።

ዋዜማውና ንግሡ አለፉ። ያላለቀው ዐሥራ አራት ሜትር እስከ እሑድ ማለዳ ደርቆ ጠቁሮ ስለነበር የሰው እግር እንዳይያዝ በላዩ ላይ ጭድ ተነሰነሰበት፤ ይህን ያዘዘችው ግን ሲፋን ናት፣ በኋላ ተፈግፍጎ እንደሚነሣና እንደገና እንደሚረጭ ጽፋ። ክረምቱ በሰኔ ገባ። ያላለቀው ቁራጭ ለመኪና ስለተዘጋ ሚኒባሶች እስከ ሰባ ስድስተኛው ሜትር ወጥተው እዚያ ያዞሩ ነበር፤ ተሳፋሪው የቀረውን በእግሩ ይጨርሳል።

ዐሥራ አራቱ ሜትር የተነጠፈው ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፣ ከታሰበው ሁለት መቶ ሰባ ቀን ዘግይቶ። በዚያው ዕለት ሲፋን ክረምት ካለፈበት ከታችኛው ሰባ ስድስት ሜትር ላይ ሦስት ቦታ በመሰርሰሪያ አስቆርጣ ናሙና አወጣች። በሦስቱም ሁለቱ ንብርብሮች ሳይለያዩ ወጡ፤ የላይኛው ውፍረት 51፣ 49 እና 50 ሚሊ ሜትር ነበር።